ለፈረስ የተፈቀደ ክር

ወንድሜ እንደሚሞት ያወቀው ከምርመራው ወረቀት ሳይሆን ከምግቡ ነው። ባሕር ዳር ወስጄ ያስመረመርኩት ቀን፣ ሐኪሙ "ጨው ቀንስ፣ ቅባት ተው፣ ጠላ እንዳትቀምስ" ይለዋል ብለን ስንጠብቅ "የምትወደውን ብላ" ብሎ አሰናበተው። ሚኒባስ ውስጥ ገብተን ተቀመጥን።

"ሰማኸው? የምትወደውን ብላ አለኝ እኮ" አለኝ በኋላ። "ጉበቴ አልቆለታል ማለት ነው።"

"ደግ ሰው ቢሆንስ?"

"በዚያ ሁሉ ሰልፍ መሀል ደግ የሚሆንበት ጊዜ ከየት አመጣ?" አለና መስኮቱን ተደግፎ እስከ ዳንግላ ተኛ።

እኔ ከጎኑ ተቀምጬ የሚሰማኝን ነገር መጠበቅ ጀመርኩ። መርአዊን አለፍን፣ ምንም የለም። ዱርቤቴን አለፍን፣ ምንም። ዳንግላ ስንደርስ የተሰማኝ የቀኝ እግሬ መደንዘዝ ብቻ ነው፤ እሱም የፊተኛው ወንበር ስላጣበቀኝ ነው። በሀዘን ቤት ሰውን አስቄ የተባረርኩ ሰው ነኝና፣ ቢያንስ ቀልድ ይመጣልኛል ብዬ ነበር። እሱም አልመጣም።

ወንድሜ በዳንግላ ከእኔ ይልቅ የታወቀ ሰው ነው። እኔን የሚያውቁኝ ኬሚስትሪ የጣልኳቸው ተማሪዎች ብቻ ናቸው፤ እሱን ግን ከመናኸሪያ እስከ ገበያ ጋሪው ላይ ያልተሳፈረ የለም። ፈረሱም እንደዚያው ነው። ቀለሙ ቡላ ነው። በአዘቦት ቀን ጋሪ ይጎትታል፤ በበዓልና በቀብር ቀን ደግሞ ኮርቻ ተጭኖ፣ ባለ ጥልፍ ግላስ ለብሶ፣ ከሰፈራችን ፈረሰኞች ጋር ይወጣል። በዚያ ቀን የራሱን ጋሪ ብታሳዩት "ይሄ ደግሞ የማን ነው?" የሚል ዓይነት ፈረስ ነው።

በሰፈራችን ፈረሰኛ ሲሞት ፈረሱ ኮርቻውን ተጭኖ፣ ማንም ሳይቀመጥበት፣ ከአስከሬኑ ፊት ፊት ይመራል። ሌሎቹ ፈረሰኞች ከኋላ ይከተላሉ። ጀርባው የቆሰለ ፈረስ ግን አይጫንም። ከበረት ይቀራል፤ ባለቤቱም እንደ ማንኛውም እግረኛ ይሸኛል። የወንድሜ ፈረስ ደግሞ ቆስሎ ነበር። ወንድሜ ከተኛ ወዲህ ጋሪውን የተከራየው ሰው ከሰል በማዳበሪያ እስከ ደመና እየከመረ ይጭን ነበርና፣ በፈረሱ ጀርባ ላይ የሚያርፈው የጋሪው ትራስ ሳሩ አልቆ እንጨቱ ብቻ ሲቀር አላስተዋለም። እንጨቱ ከትከሻው በላይ መዳፍ የሚያህል ሥጋ በላው።

ከባሕር ዳር በተመለስን ማግስት ወንድሜ ግቢው ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ፈረሱን በአገጩ አሳየኝ።

"እንደ እግረኛ አልቀበርም" አለኝ። "ይሄን አድንልኝ።"

"አያ፣ እኔ እኮ የኬሚስትሪ ሰው ነኝ።"

"የምትሸምነው ጨርቅ ቁስል ያድናል ብለህ በፋሲካ አልደሰኮርክም? ዶሮው እስኪቀዘቅዝ ድረስ።"

"ገና ሙከራ ላይ ነው።"

"እኔም ሙከራ ላይ ነኝ" አለ። "እንግዲህ ማናችን ቀድመን እንደምንጨርስ እናያለን።"

እንዲህ ሆነና የፈረሱ ጀርባ ከወንድሜ ጉበት ጋር እሽቅድምድም ገባ። ዳኛውም፣ አሰልጣኙም፣ ተመልካቹም እኔ ነበርኩ።

በፋሲካ የደሰኮርኩት ነገር ይሄ ነው። እንጅባራ ባለው ቤተ ሙከራችን ሰውነት ቀስ እያለ የሚያሟሟው ፖሊመር አለን፤ የፕላስቲክ ዘር ነው፣ ጨዋው ዘር። በፈሳሽ አሟሙተን እንደ ማር ሲወፍር መድኃኒት እንጨምርበትና ስሪንጅ ውስጥ እናስገባዋለን። ከመርፌው ጫፍ ትይዩ በፎይል የተሸፈነ ከበሮ ይሽከረከራል። በመርፌውና በከበሮው መካከል ብዙ ሺህ ቮልት ስንለቅ፣ ጠብታው መንጠባጠቡን ይተውና ወደ ከበሮው ተስቦ ክር ይሆናል። ማር ከማንኪያ ሲወርድ እንደሚቀጥነው ማለት ነው፤ ይሄኛው ግን መቅጠኑን የት ማቆም እንዳለበት አያውቅም። አንዱ ክር ብቻውን በዓይን አይታይም። ከራሴ ፀጉር በብዙ እጅ ይቀጥናል፤ ጭንቅላቴን ያየ ሰው ደግሞ የእኔ ፀጉርም ብዙ እንደማይታይ ይመሰክራል። ክሩ ሲደራረብ ስስ ነጭ ጨርቅ ይወጣዋል። ጨርቁ ቁስል ላይ ሲለጠፍ በክሩ ውስጥ የታሰረው መድኃኒት ለቀናት ጥቂት በጥቂት ይለቀቃል፤ አዲሱ ሥጋም ሐረግ አጥር ላይ እንደሚወጣው በክሮቹ መካከል እየተሳበ ያድጋል።

ወንድሜ ይህን ሁሉ ከሰማ በኋላ የሰጠኝ ማዕረግ "ሸረሪት" የሚል ነው። ዩኒቨርሲቲው ከሰጠኝ ማዕረግ ይልቅ ይሄኛው ሥራዬን በደንብ ይገልጻል።

ችግሩ ሸረሪት ደረቅ ጥግ መርጣ ነው የምታደራው። እንጅባራ ውስጥ ደረቅ ጥግ የለም። ዝናቡ የሚያቆመው ተረኛው ዝናብ መጥቶ ሲቀይረው ነው። ጭጋጉ ጠዋት ከሠራተኛው ቀድሞ ቢሮ ይገባል፤ ለስብሰባ ስንቀመጥ አንዳንዴ ሊቀመንበሩን በድምፁ ነው የምንለየው። አየሩ ሲረጥብ ክራችን ዶቃ ዶቃ ይቋጥራል፣ መድኃኒቱም ወደ ውስጥ መግባቱን ትቶ ላይ ላዩን ይንጠለጠላል። እንዲህ ያለ ጨርቅ እርጥበት ሲነካው፣ ለሳምንት የታሰበው መድኃኒት እንደ ሠርግ ጠላ በመጀመሪያው ቀን ያልቃል።

ፈረሱን አብራኝ ያየችው የእንስሳት ሐኪም የሥራ ባልደረባዬ ናት። ቀልድ ስነግራት እንደ በሽታ ምልክት ነው የምታዳምጠኝ። ዳንግላ ድረስ መጥታ ቁስሉን አጠበች፣ የሞተውን ሥጋ አነሳች፣ ጋሪ የሚባል ነገር እንዳይቀርበው አዘዘች። በኋላም ጨርቁን በዚህ በአንድ ፈረስ ላይ፣ በባለቤቱ ስምምነት ለመሞከር ፈቃድ አወጣች።

"ሁለት መድኃኒት ነው የምትከትበት" አለችኝ። "አንዱ ለጀርሙ፣ አንዱ ማደንዘዣ።"

"ማደንዘዣው ለምኑ?"

"ካላደነዘዝከው ግድግዳ ላይ እያሸ ይጥለዋል። ያሳክከዋል፣ ያመዋል። ፈረስን ታገስ ብለህ ልትመክረው ነው?"

የመጀመሪያውን ጨርቅ የለጠፍን ቀን ወንድሜ መደቡ ላይ ተቀምጦ ከሩቅ ትእዛዝ ይሰጠን ነበር። "ጆሮውን እያየህ" ይለኛል። "እጅህን አትይ፣ ጆሮውን እይ። ወደ ኋላ ካጠፈው እጅህን አንሳ።" በጋሪ ዕድሜው ሙሉ ጅራፍ ለጌጥ ነበር የሚይዘው። ጭነት ሲጭን ከፊት ቆሞ ጆሮውን እያየ ነው፤ ጆሮው ሲታጠፍ አንድ ማዳበሪያ ያወርዳል። በዚህ ምክንያት ብዙ ደንበኛ ወደ ሌላ ጋሪ ሄዶበታል። እሱ ግን ሁልጊዜ አንድ መልስ ነበረው፤ "እኔና ፈረሱ ተነጋግረናል።"

ከጥቂት ቀን በኋላ ተመልሼ ስመጣ ፈረሱ ጀርባ ላይ ጨርቁ የለም። አጥሩ ላይ አገኘሁት። ከወንድሜ ሸሚዝና ከአንድ አንሶላ መሀል ተሰጥቷል፣ በሁለት የልብስ መቆንጠጫ ተይዞ።

የወንድሜ ሚስት እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ወጣች። "አድርቄ ልመልስለት ነው" አለችኝ። "ቁስል የነካ ጨርቅ ሳይታጠብ እንዴት ያድራል? ቁስሉንም በሙቅ ውሃና በጨው አጠብኩለት። ጨርቅህን ደግሞ በላርጎ ፈተግኩት፣ እንዴት ነጭ ሆነ።"

"እትዬ፣ እሱ እኮ መድኃኒት ነው።"

"ታዲያ ንጹሕ መድኃኒት ይጠላል?"

ያን ጨርቅ ለመሥራት መብራት ሲሄድ ሲመጣ ስንት ቀን እንደፈጀብን ልነግራት ፈለግኩና ተውኩት። መደቡ ላይ ወንድሜ ሆዱን ይዞ እየሳቀ ነበር። ሆዱ በዚያን ጊዜ አብጦ በሁለት እጅ የሚያዝ ሆኗል። "ሸረሪት ድሩ ታጠበበት" እያለ እስኪያስለው ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። መሳቄን ያወቅኩት ግን የራሴን ድምፅ ስለሰማሁት ነው።

ለሐኪሟ ስነግራት አልሳቀችም። "ቢያንስ ሳሙናውን እንዴት እንደቻለው አየን" አለች። ለሚስቱ ደግሞ ስልክ ደውላ ውሃ እንዳይነካው አስጠነቀቀቻት።

ለማንኛውም የመጀመሪያው ጨርቅ ባይታጠብም ዋጋ አልነበረውም። አየሩ ረጥቦበት ዶቃ የሞላው ነበር። ስለዚህ ሁለት ነገር አደረግን። አካባቢያችን ሁሉ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል ያከስላልና፣ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ገዛን። በምድጃ አግለን አደረቅነው፤ ጨርሶ ሲቀዘቅዝ በክፍት ቆርቆሮዎች አድርገን ማሽኑ ያለበት ሳጥን ውስጥ ደረደርነውና ሳጥኑን አሸግነው። ከሰሉ እርጥበቱን እንዲጠጣልን ነው። የግቢው ዘበኛ ከሰሉን ይዘን ስንገባ አይቶን፣ ምሳ ሰዓት ላይ ሳህን ይዞ መጣ። ወጥ የምንሠራ መስሎት ነው። ሳጥኑን ከፍቼ ባሳየውም አላመነኝም፤ እስከ ዛሬ ያኮርፈኛል።

ሁለተኛው፣ አንዱን መርፌ በሌላው ውስጥ አስገባን። መድኃኒቱ ያለበት በውስጠኛው ይወጣል፣ ባዶው ፖሊመር በውጭኛው። ክሩ ሲወጣ መድኃኒቱን መሀሉ ላይ ታቅፎ፣ ላዩን ደግሞ ጋቢ ለብሶ ይወጣል። ይህን ጨርቅ የጨው ውሃ ውስጥ ነክረን ስንለካው መድኃኒቱን አላፈሰሰውም፤ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየሰጠን ከሳምንት በላይ ቆየ። እንዲህ ያለ ውጤት ሲመጣ ሰው ይዘላል። እኔ ቁጥሩን መዘገብኩና ሻይ ልጠጣ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ ኑሮዬ እንጅባራና ዳንግላ ሆነ። መንገድ ክፍት በሆነ ቀን ጨርቁን በብስኩት ካርቶን ይዤ ሚኒባስ እሳፈራለሁ፤ ከመናኸሪያ ደግሞ በሌላ ሰው ጋሪ እስከ ወንድሜ ቤት። ባለጋሪዎቹ ሁሉ "ወንድምህ እንዴት ሆነ?" ይሉኛል።

"ደህና ነው፣ ጠርዙ መሰብሰብ ጀምሯል። ቀይ ሥጋ እያወጣ ነው" አልኩት አንዱን።

"ጉበቱ?"

"ጀርባው።"

ባለጋሪው ዞር ብሎ አየኝ። የወንድሜ ሚስትም አንድ ቀን ይህንኑ ስመልስ ሰምታኝ፣ "ስለ ወንድምህ ነው እኮ የጠየቁህ" አለችኝ። አውቃለሁ። ስለ ፈረሱ ሲሆን ግን የምለው ነበረኝ።

እውነትም ጀርባው እየሞላ ነበር። መዳፍ የሚያህለው የሻይ ብርጭቆ ማስቀመጫ አከለ፣ ከዚያ የጠርሙስ ክዳን። ወንድሜ ደግሞ በተቃራኒው ሆዱ ሲያብጥ ፊቱ ይጎድል ነበር። ከመደቡ ወደ አልጋው ገባ፤ አልጋው ወገቡን አቆሰለው።

"ና እስቲ ሸረሪት" አለኝ አንድ ከሰዓት፣ የብስኩት ካርቶኑን እያየ። "ለእኔም አንድ ቁራጭ ለጥፍልኝ።"

"ለሰው አልተፈቀደም አያ።"

"ለፈረስ የተፈቀደ ለእኔ ተከለከለ?"

"ፈረሱ አንድ ነገር ቢሆን አንተን ይቅርታ እጠይቃለሁ። አንተ አንድ ነገር ብትሆን ማንን እጠይቃለሁ?"

"ማንንም አትጠይቅም። ተገላገልክ።"

ጤና ጣቢያው የሰጠውን ቅባት ቀባሁለትና በሌላ ጎኑ አዞርኩት። ክብደቱ ሁሉ ሆዱ ላይ ነበር፤ ትከሻው የሕፃን ትከሻ ሆኗል። በመስኮቱ ፈረሱ ይታየዋል፣ አልጋውን ያዞርነውም ለዚሁ ነው።

"ቅድም ስትለጥፍለት አየሁት" አለኝ። "ጆሮውን እንኳ አላነቃነቀም። ድኗል ማለት ነው?"

"አልዳነም፣ ግን እየዳነ ነው። ማደንዘዣ ስላለበት ነው ዝም ያለው።"

"አያመውም?"

"መድኃኒቱ እስካለ ድረስ አያመውም።"

ፈረሱ ውጭ ጭራውን ያወዛውዛል።

"እንግዲያው ጆሮው አይናገርም ማለት ነው" አለ። "ከተነካ ማን ይናገርለታል?"

"እኔ አለሁ።"

"አንተ" አለና ከእግሬ እስከ ራሴ አየኝ። "አንተ ቁም ነገር ተናግረህ ታውቃለህ?"

ሁለታችንም በዚህ ሳቅን። ከዚያ ወዲህ ብዙ አልተነጋገርንም። ቀጥሎ የሄድኩ ቀን ጨርቁን ስቀይር እሱ ተኝቶ ነበር። ቁስሉ የጣት ጥፍር አክሎ ቀርቷል፤ ላዩ ላይ ስስ፣ ሮዝ፣ ጠጉር የሌለው ቆዳ ተወጥሮበታል። ሐኪሟ በስልክ የላክሁላትን ፎቶ አይታ፣ "ቆዳው ገና ወረቀት ነው። የሚጫንበት ቢያንስ ከአንድ ወር በኋላ" አለችኝ። በልቤ ከወንድሜ ጉበት አንድ ወር ለመንኩ።

ያን ጨርቅ ለጥፌ በተመለስኩ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ማሽኑ ፊት ቆሜ ነበር። በደህናው ቀን ከተማውን ጥሎ የሚጠፋው ኔትወርክ፣ ያን ጠዋት ጥርት ብሎ ገባ። የወንድሜ ሚስት ናት። አላለቀሰችም፤ "አልቋል" ብቻ አለችኝ። "እሺ" አልኳት። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ። ስሪንጁ ውስጥ ገና ግማሽ ያህል ይቀር ነበር። ቆሜ እስኪያልቅ ጠበቅኩት። ከበሮው ሲቆም ጨርቁን በጥንቃቄ ላጥኩ፣ በፎይል ጠቀለልኩ፣ ላዩ ላይ ቀኑን ጻፍኩ። ሐኪሟ ስትገባ እጄን እየታጠብኩ ነበር።

"ምን ሆነሃል?" አለችኝ።

"ፈረሱ ተሸነፈ" አልኳት። ለመጀመሪያ ጊዜ ያልኩት ወዲያው ገባት። መኪና ፈልጋ አብራኝ ዳንግላ ሄደች።

ስንደርስ ፈረሰኞቹ ግቢውን ሞልተዋል። አለቃቸው ያረጁ ሰው ናቸው፤ ከአባታችን ጋር ጋልበዋል። ፈረሱ መሀል ግቢ ቆሟል። የወንድሜ ሚስት ግላሱን አቅፋ፣ ኮርቻውን እግሯ ሥር አስቀምጣ ትጠብቃለች። ያቀፈችው ግላስ በላርጎ መታጠቡን ሽታው ነገረኝ። የለጠፍኩትን ጨርቅ አለቃው በጥንቃቄ ገለጥ አደረጉና ከቁስሉ አጠገብ በመዳፋቸው ጫን አሉ። ሰው ሁሉ የፈረሱን ጆሮ ያያል። አልተንቀሳቀሰም። ወደ ቁስሉ ጠጋ አድርገው በአውራ ጣታቸው ጫኑ። ጆሮው ቀጥ እንዳለ ነው፤ እንዲያውም ከንፈሩን ጥሎ ሊያንቀላፋ ነበር።

"ድኗል" አሉ አለቃው። "ይጫን።"

ፈረሰኞቹ አጉረመረሙ፤ የደስታ ነው። አንዱ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። "ይሄን ወንድሙ ነው ያዳነው፣ በኤሌክትሪክ" አለ ለሌላው። የወንድሜ ሚስት ጎንበስ ብላ ኮርቻውን አነሳች። ሐኪሟ አጠገቤ ቆማ ነበር። የምታየው ፈረሱን ሳይሆን እኔን ነው።

"አይጫንም" አልኩ።

ቀልድ ሊመጣ ነው ብለው ሁለት ሰዎች አስቀድመው ፈገግ አሉ። ይሄ የእኔ ዕድሜ ልክ ሥራ ነው።

"አይጫንም አባቴ" አልኳቸው። "አልዳነም። ጨርቁ ማደንዘዣ አለበት፣ ስለማይሰማው ነው ዝም ያለው።"

"አሁን ያመዋል?" አሉኝ።

"አሁንስ አያመውም።"

"ከዚህ እስከ ቤተ ክርስቲያን ምን ያህል መንገድ ነው? ማንም አይቀመጥበት። ባዶ ኮርቻ ነው። ወንድምህ የጠየቀው ይሄን ብቻ አይደለም?"

"ይሄን ብቻ ነው።"

"ታዲያስ?"

"ቆዳው ወረቀት ነው። ኮርቻው ሲፋቅበት ይቀደዳል፣ ፈረሱ ግን አይነግረዎትም። እርስዎ ጆሮውን እያዩ ነው የሚመሩት፤ እሱ ጆሮውን ቀጥ አድርጎ እየደማ ይሄዳል።"

የወንድሜ ሚስት ኮርቻውን እንደያዘች ቀረች። "ለዚህ አይደል እንዴ ስትመላለስ የከረምከው?" አለችኝ። "ምን ልትለው ነው?" ወደ ቤቱ በአገጯ አሳየችኝ። ልክ እሱ እንደሚያደርገው።

"ራሱ ነው የጠየቀኝ" አልኳት። "ሲደነዝዝ ማን ይናገርለታል አለኝ።"

አለቃው ጨርቁን ወደ ቦታው መለሱና መዳፋቸውን ላዩ ላይ አሳረፉ። የዕለቱ ሥርዓት በእሳቸው እጅ ነው፤ ያለው ሰውም እሳቸውን ይጠብቃል። በኋላ ወደ ሐኪሟ ዞሩ። "አንቺስ ምን ትያለሽ ልጄ?" አሏት።

"ልክ ነው" አለች።

"እንግዲያው ፈረሱ አይጫን" አሉ አለቃው። "ግን ራቁቱንም ቢሆን ፊት ይመራ። የሞተው ጌታው ነው። ኮርቻው ደግሞ ከቤት አይቀርም።"

ኮርቻው እንዴት ከቤት እንደሚወጣ የነገረን የለም። እርስ በርስ ተያየን። የወንድሜ ሚስት ክንዷ ዝሎ ሊወድቅባት ሲል ተቀበልኳት። ከዚያ የት ላድርገው? ትከሻዬ ላይ አደረግኩት። ግላሱንም ከላይ ጣል አደረጉልኝ፣ እርካቡ ደረቴ ላይ ይንቀጫቀጫል። በአዊ ምድር ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰው ኮርቻ ሲጫን ያን ቀን የመጀመሪያው ይመስለኛል። ወንድሜ ቢያይ ስንት ዓመት እንደሚያወራው አሰብኩ።

አለቃው ፈረሱን ይዘው ቀደሙ። እኔ ከጎኑ፣ አስከሬኑ ከኋላችን፣ ፈረሰኞቹ ከዚያ ኋላ። በየደጁ የቆመ ሰው ፈረሱን ያይና ቀጥሎ እኔን ያያል። አንዳንዱ አፉን በነጠላው ይይዛል፤ ለልቅሶ ይሁን ለሳቅ አላወቅኩም። ኮርቻው ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፣ እንጨቱ አጥንቴ ላይ እንዳረፈ አውቃለሁ። አልተሰማኝም። ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ስንደርስ አውርድ ቢሉኝም ፍትሐቱ እስኪያልቅ አላወረድኩትም። ግትርነት አይደለም። መኖሩን ረስቼው ነው።

በሰልስቱ ሸሚዜን ስቀይር የወንድሜ ሚስት ትከሻዬን አየች። ከአንገቴ ሥር እስከ ክንዴ በልዞ ጠቁሯል፣ መሀሉ ተልጧል።

"ጨርቅህን ለጥፍበት እንጂ" አለችኝ።

"ለሰው አልተፈቀደም።"

ከቀብሩ ወዲህ ፈገግ ስትል ያን ጊዜ አየኋት። ሙቅ ውሃና ጨው ይዛ መጣች። አልከለከልኳትም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ የመጨረሻውን ጨርቅ ለማየት ተመለስኩ። ከፈረሱ ጀርባ ላይ ጨርቁ ሟሙቶ እዚህም እዚያም ብቻ ቀርቷል፤ ማደንዘዣውም አልቋል። ሐኪሟ አዲስ እንዳልለጥፍ ነግራኛለች። አልጋው ከመስኮቱ ሥር ተነስቷል፤ ግቢው ውስጥ ከእኔና ከፈረሱ በቀር ማንም አልነበረም። መዳፌን ከጠባሳው አጠገብ አሳረፍኩ። ምንም የለም። ወደ ሮዙ ቆዳ ጠጋ አድርጌ በአውራ ጣቴ ጫን አልኩ።

ሁለቱም ጆሮዎቹ ወደ ኋላ ታጠፉ። እጄን እስካነሳ እንኳ አልጠበቀኝም፤ አንገቱን መልሶ ትከሻዬን ነከሰኝ። ጥርሱ የያዘው ካፖርቴን ነው፣ ግን በዚያው በበለዘው ላይ ነበር የያዘኝ።

አመመኝ። እንደዚያ አሞኝ አያውቅም፤ ወይም ካመመኝ ቆይቷል። ጮህኩና የአጥሩን እንጨት ይዤ ቆምኩ። የወንድሜ ሚስት ምን ድምፅ ነው ብላ ስትወጣ እዚያው ነበርኩ። ቀልድ ስትጠብቅ አየኋት፤ ቀልድ አልነበረኝም። መደቡ ላይ፣ እሱ ይቀመጥበት የነበረው ቦታ ላይ አስቀመጠችኝ። ፈረሱ ጆሮውን እንዳጠፈ ከሩቅ ያየኝ ነበር።